ቀዩ ዳገትና የፊታውራሪው ብስክሌት

ልጅ ሳለሁ ቤቴል የሚባል ሰፈር አልነበረም። ዛሬ ክሊኒክና ካፌ የተደረደረበት ሜዳ ያን ጊዜ ገብስ ይዘራበት ነበር። ቀራንዮም ቢሆን የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን፣ በዙሪያው የተሰበሰቡ የጭቃ ቤቶችና ባሕር ዛፍ ነበር እንጂ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም። መንገዳችን ኮረኮንች ነው። በበጋ አቧራው ቅንድባችንን ቡናማ ያደርገዋል፤ በክረምት ደግሞ ጠጠሩ በጭቃ ውስጥ ሰምጦ የጫማ ሶል ይነቅላል። በዕድሜ የምትመሳሰሉኝ የዚያ አካባቢ ልጆች ታስታውሱታላችሁ። ዝናብ ካባራ በኋላ ያ ቀይ አፈር የሚሸተውን ሽታ እስከ ዛሬ ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ ሽታው ብዬ አይደለም። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ እንኳ ሳስታውሰው ደሜን የሚያፈላው አንድ ነገር ስላለ ነው። ሰው «ያለፈ አለፈ» ይለኛል። አላለፈም። እኔ ላይ የተደረገው ቢያልፍ እንኳ አዴ ድንቂቱ ላይ የተደረገው አላለፈም።

አባቴ ድሬሰር ነበር። ያን ጊዜ ሐኪሙም፣ መርፌ ወጊውም፣ ቁስል አጣቢውም፣ አንዳንዴም አዋላጁ እሱ ነው። ቀራንዮ ላይ ባለች አንዲት ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ውስጥ ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ወደ ወጨጫ ተራራ ግርጌ ወዳሉት መንደሮች ወጥቶ መነሣት ያልቻሉትን በየቤታቸው ይጠይቃል። መጓጓዣው ከጣሊያን ጊዜ የተረፈች፣ ቀለሟ የተላጠ፣ እንደ በሬ የከበደች ጥቁር ብስክሌት ናት። ከትንሽነቴ ጀምሮ ከፊት ባለው ብረት ላይ አስቀምጦኝ፣ የመርፌ ሳጥኑን እኔ ደረቴ ላይ አቅፌው፣ አብረን እንወጣ ነበር። ከኋላዬ የአባቴ ትንፋሽ፣ ከሳጥኑ የአልኮል ሽታ፣ ከታች ጎማው ጠጠሩን ሲቆረጥም የሚሰማው ድምፅ። ከዚህ የተሻለ ቅዳሜ አላውቅም።

እግሬ ሲረዝም ራሴ መንዳት ጀመርኩ። ኮርቻው ላይ መድረስ ስለማልችል ቀኝ እግሬን በብረቱ መሐል አሾልኬ፣ ወደ ጎን ተጣምሜ ነው የምነዳት። ያላያችሁት ካላችሁ ሸርጣን ስትሄድ ገምቱ። ወድቄ ጉልበቴ ሲላጥ አባቴ በአዮዲን እየጠረገ «አመመሽ?» አይለኝም፤ «የት ላይ ነው የተሳሳትሽው?» ነው የሚለኝ። ትምህርቱ አጭር ነበር። ዳገት ላይ ጫፉን አትይ፤ ከፊት ጎማሽ ሥር ያለውን ጠጠር ብቻ እይ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን አትጨብጪ፤ ጠጠር ላይ የሚጥለው ፍጥነት ሳይሆን ፍርሃት ነው።

መንገዳችን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በባሕር ዛፉ መሐል ይወርድና ወንዙ ላይ ይደርሳል። ወንዙን በድንጋይ እየረገጥን፣ ብስክሌቷን ተሸክመን እንሻገራለን። ከዚያ ቀዩ ዳገት ይጀምራል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ረጅም፣ ጠመዝማዛ፣ ጠጠሩ የሚንሸራተት፣ ግራና ቀኙ የአጋም ቁጥቋጦ የሆነ ዳገት ነው። እዚያ ላይ ልብ አፍ ውስጥ ትገባለች። ጫፉ ላይ ስንደርስ ግን አንድ ትልቅ የዝግባ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር የአዴ ድንቂቱ ጎጆ፣ ከጎጆው ማዶ ደግሞ የአዲስ አበባ ቆርቆሮ ሁሉ ፀሐይ መትቶት ሲያብረቀርቅ ይታያል።

አዴ ድንቂቱ፣ በኦሮምኛ እማማ ድንቂቱ እንደማለት ነው፣ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ጭሰኛ ነበረች። መሬቱ የባለርስቱ የፊታውራሪው ነው። አካባቢው ሁሉ፣ የአባቴ ክሊኒክ የቆመበት ቦታ ሳይቀር፣ የፊታውራሪው ነበር። አባቴ ትንሹን ልጇን ከሳንባ ምች ስላተረፈላት በዚያ ባለፍን ቁጥር ሳንቀምስ አታሳልፈንም። በወይራ የታጠነ ቅል ውስጥ የረጋ እርጎ ይዛ ትወጣና «ይቺ ልጅ ደግሞ ዛሬም በዚህ ዳገት መጣች? ያ ዋቃ! አምላኬ!» እያለች በሁለት እጇ ጉንጬን ትይዘኛለች። እጇ ሻካራ ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር።

እናቴ ግን ነገሩን አትወደውም። እናቴ ወይዘሮ ደብሪቱ የጎጃም ሰው ናት፤ ቀጥ ያለች፣ ጾሟን የማታጓድል፣ ቃሏን ሁለት ጊዜ የማትናገር። ጎረቤቶቿ ይነዘንዟታል። ልጃገረድ እግሯን አንፈራጥጣ ብስክሌት ላይ ስትወጣ ነገ ማን ያገባታል ይሏታል። እሷም አባቴን «ልጄን ወንድ አደረግካት» ትለዋለች፤ እኔን ደግሞ ከያዘችኝ በጭኔ ቁንጥጫ ታሳየኛለች። አባቴ አሮጌ ሱሪውን አሳጥሮ ሰጥቶኝ ነበር። ከቀሚሴ ሥር እለብሰውና ወንዙ ጋ ስደርስ ቀሚሴን ወገቤ ላይ እቋጥረዋለሁ። እናቴ ይህን የማታውቅ ይመስለን ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ስገባ ትምህርት ቤታችን ጋሽ ሰሎሞን የሚባል አስተማሪ መጣ። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላከ፣ ጎፈሬው የተከመረ፣ ቤልቦተም ሱሪ የሚለብስ ወጣት ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እኛ አፋችንን ከፍተን ነው የምንሰማው። የዓመቱ መዝጊያ ላይ የብስክሌት ውድድር እንዲደረግ ያሰበው እሱ ነው፤ ፊታውራሪው ደግሞ ለአሸናፊው አዲስ ብስክሌት እሸልማለሁ አሉ። ብስክሌቱ መጥቶ ባንዲራው ሥር ቆመ። ሰማያዊ ነው፤ የጎማዎቹ ራጅ ያብረቀርቃል፤ ደወሉን ስትነኩት ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይሰማል። ተማሪው በየዕረፍቱ እየከበበ ይዳስሰው ነበር። እኔ አልዳሰስኩትም። ሳሸንፍ እዳስሰዋለሁ ብዬ።

ለመመዝገብ ስሄድ ወንዶቹ ሳቁ። ጋሽ ሰሎሞን ግን ወደ እነሱ ዞሮ «ማስታወቂያው ‹ማንኛውም ተማሪ› ነው የሚለው። አስካለ ተማሪ አይደለችም እንዴ?» አለ። ስሜንም በእጁ ጻፈ። ያን ቀን ጋሽ ሰሎሞን ለእኔ ከሰው ሁሉ በላይ ነበር።

ውድድሩ ከትምህርት ቤቱ ተነሥቶ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ቀዩን ዳገት ወጥቶ፣ ዝግባውን ዞሮ መመለስ ነው። የእኔና የአባቴ መንገድ ማለት ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ የት እንዳለ አውቃለሁ። ዝግባው ሥር አዴ ድንቂቱ ተቀምጣ ለዞረ ሁሉ የቀይ ጨርቅ ቁራጭ እንድትሰጥ ጋሽ ሰሎሞን ለምኗት ነበር፤ ጨርቁን ያልያዘ እንዳልዞረ ይቆጠራል። አባቴ ጠዋት ተነሥቶ የብስክሌቷን ካቴና በዘይት አሸልኝ፤ ጎማውንም በፖምፓ ነፋልኝ። እናቴ ፊቷን አዙራ እንጨት ትፈልጥ ነበር። ከበሩ ስወጣም ፍልጡን አላቆመችም።

ከተወዳዳሪዎቹ መሐል የፊታውራሪው ልጅ መስፍን ነበረበት። መስፍን ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ነገር ግን የፈለገውን ሳያገኝ ውሎ የማያውቅ ልጅ ነው። ብስክሌት ነበረው እኮ! ማርሽ ያላት፣ ቀላል፣ ከውጭ የመጣች ብስክሌት ነበረችው። ያ ሰማያዊ ብስክሌት ለእሱ ምን ያደርግለታል? ዛሬም እጠይቃለሁ።

ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም እንደ ንብ ወጣ። ወንዙ ላይ ስንደርስ ግማሹ ቀርቷል፤ ብስክሌት ተሸክሞ በድንጋይ ላይ መረማመድ አልለመዱም። ቀዩን ዳገት ስንጀምር ከፊቴ መስፍንና ሌላ አንድ ልጅ ብቻ ነበሩ። ያ ልጅ ብዙም ሳይቆይ ወርዶ መግፋት ጀመረ። መስፍንም ፔዳሉን ሲረግጥ ትከሻው ይወዛወዛል፤ ደክሞታል። ዓይኔን ከፊት ጎማዬ ላይ ሳላነሣ እየቀረብኩት፣ እየቀረብኩት ሳለ ከኋላዬ የመኪና ድምፅ ሰማሁ።

የፊታውራሪው ላንድሮቨር ነበር። ራቅ ብሎ ባለው ድልድይ ዞሮ ነው የመጣው። የወደቀ ልጅ ቢኖር ለማንሣት ይከተላል ተብሎ ነበር፤ የወደቀ ልጅ ግን አልነበረም። አቧራውን አልብሶኝ አለፈኝና መስፍን አጠገብ ሲደርስ ቀስ አለ። ሾፌሩ በመስኮት ራሱን አውጥቶ አንድ ነገር ተናገረው። መስፍን ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ እጁን ዘርግቶ የመኪናውን የኋላ ብረት ያዘ። በቀረው ዳገት ሁሉ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ተጎተተ። እኔ በላብና በአቧራ መሐል ሆኜ አየሁት። አዴ ድንቂቱም ከላይ ከዝግባው ሥር ቆማ አየችው።

ጫፉ ላይ ስደርስ መስፍን ጨርቁን ተቀብሎ ቁልቁል ጀምሯል። አዴ ድንቂቱ የእኔን ጨርቅ መዳፌ ውስጥ ከተተችልኝ። «ሂጂ! ሂጂ ልጄ!» አለችኝ።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩ ዛሬ ስናገረው ውሸት ይመስላል። ጠጠሩ ከሥሬ ይፈናጠራል፤ ዓይኔ ያነባል፤ ጥርሴ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ብስክሌቷ ግን ልክ እንደ ውሃ ትወርዳለች። መስፍን በየመታጠፊያው ፍሬን ይይዛል፤ በያዘ ቁጥር ጎማው ይንሸራተትበታል። ወንዙ ሳይደርስ አለፍኩት። ውሃው ውስጥ ከነብስክሌቴ ተራምጄ፣ በባሕር ዛፉ መሐል ወጥቼ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ብቅ ስል የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ተሰብስበው ነበር። ከመሐላቸው እናቴን አየኋት። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር። እኔ ደግሞ ቀሚሴ ወገቤ ላይ ተቋጥሮ፣ በአባቴ ሱሪ፣ በጭቃ ተለውሼ! ጎትታ ታወርደኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እናቴ ግን ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠችና እልል አለች፤ ሴቶቹም ተቀበሏት። በሕይወቴ እናቴ እልል ስትል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው፤ በሠርጌ እንኳ አላለችም።

መስፍን የመጣው እኔ ውሃ ጠጥቼ ትንፋሼ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ሽልማቱ ሊሰጥ ስንሰለፍ ፊታውራሪው በዳስ ሥር ተቀምጠው ነበር። ዲሬክተሩ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው አንድ ነገር ተናገረ፤ እሳቸውም በጆሮው መለሱለት። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ውድድሩ የወንዶች መሆኑን፣ ልጅቷ የገባችው ለጨዋታ ያህል መሆኑን፣ ስለዚህ አንደኛ የወጣው ተማሪ መስፍን መሆኑን ተናገረ። ሰው አጨበጨበ። ይህን ነው የማልረሳው፤ አጨበጨቡ! ሳልፍ ያዩኝ ሰዎች፣ እልል ያሉልኝ ሴቶች ባሎች፣ አጨበጨቡ።

ፊታውራሪው እኔን በጣታቸው ጠሩኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «አንቺ፣ ጉልበትስ አለሽ። አባትሽ ቶሎ ይዳርሽ፤ ውሃ ለመቅዳት ትሆኛለሽ» አሉ። ዳሱ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ሰሎሞንን ፈለግሁት። ከባንዲራው አጠገብ ቆሞ ነበር። ጫማውን ያያል። እሱ ያነበበው ማስታወቂያ ከጀርባው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሳለ፣ ያ ሁሉ የእኩልነት ንግግር የት እንደገባ አላውቅም፣ ጫማውን ያያል።

ቤት ስንገባ አባቴ «ክሊኒኩ በሳቸው መሬት ላይ ነው። ተይው ደብሪቱ፤ እግዜር ያያል» አለ።

እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «እግዜርማ አይቷል። አሁን ፊታውራሪው እኔን እንዲያዩኝ ነው የምፈልገው።»

ጀምበር ስትጠልቅ ጋሽ ሰሎሞን መጣ። ሊያጽናናን ነው መሰለኝ። በር ላይ ቆሞ «ምን ማድረግ እችላለሁ እናቴ? የተላክሁት ለአንድ ዓመት ነው። ሪፖርት ቢጻፍብኝ ዩኒቨርሲቲ አልመለስም» አለ።

እናቴ አስተማሪ አክባሪ ናት። «ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ» ብላ ጀምራ ነበር። ይህን ስትሰማ ግን «እርስዎ» ማለቱን ተወችው። «ልጄን ውድድር ውስጥ ያስገባሃት አንተ ነህ። ስታስገባት አፍ ነበረህ። ሲያስወጧት የት ሄደ?» አለችው። ጎፈሬው የበሩን መቃን እየነካ ተመለሰ። ዓመቱን ጨርሶ ሄደ፤ እስኪሄድ ድረስ ዓይኔን አይቶ አያውቅም።

በማግስቱ እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ እኔን እጄን ይዛ ፊታውራሪው በር ላይ ቆመች። «አቤት! አቤት! አቤት!» ብላ ጮኸች። ዘበኞቹ ሊያባርሯት ሞከሩ፤ አልተነቃነቀችም። ፀሐይዋ አናታችን ላይ እስክትደርስ እዚያው ቆማ ጮኸች። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ማየት ሲጀምር ፊታውራሪው አፍረው መሰለኝ አስገቡን።

ግቢው ውስጥ ጭሰኞች የጉልበት ሥራ ላይ ነበሩ፤ እንጨት የሚያመጣው እንጨት ያመጣል፣ አጥር የሚያጥረው ያጥራል። እናቴ እጅ ነሥታ ቆመች። ፊታውራሪው ሰገነታቸው ላይ ሆነው «ምን በደልኩሽ?» አሏት።

«ጌታዬ፣ ልጄ አሸነፈች። ሽልማቷን ይስጧት።»

«ሴት ከወንድ ጋር አትወዳደርም። ልጄ ነው ያሸነፈው።»

«ልጅዎ ዳገቱን የወጣው በመኪና ተጎትቶ ነው። ልጄ አይታዋለች።»

ፊታቸው ጠቆረ። «የልጅ ምስክርነት ይዘሽ ነው ቤቴ ድረስ የመጣሽው? አየሁ የሚል ሰው አምጪ!»

እናቴ ዞራ ጭሰኞቹን አንድ በአንድ አየች። ያን ጊዜ ከአጥሩ ጥግ አንዲት ሴት ጀርባዋ ላይ ያለውን የእንጨት ሸክም ስታወርድ ሰማሁ። ቀና አለች። አዴ ድንቂቱ ነበረች።

«እኔ አይቻለሁ ጌታዬ» አለች።

ማንም አላዘዛትም። ማንም አልጠራትም። መሬቱ የሳቸው፣ ጎጆው የሳቸው፣ የምትዘራው ዘር እንኳ ግማሹ የሳቸው የሆነች ሴት፣ ሦስት ልጆች ያላት ሴት፣ በዚያ ሁሉ ጭሰኛ ፊት ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረች። «ልጁ መኪናውን ይዞ ወጣ። ይቺ በገዛ ጉልበቷ ወጣች። ዛፉ ሥር ነበርኩ። አይቻለሁ።»

ፊታውራሪው ሳቁ። ያ ሳቅ አሁንም ይሰማኛል። «በሉ ሂዱ» አሉን። ከሰዓት በኋላ አንድ አሽከራቸው ለቀሚስ የሚሆን ቺት ጨርቅ ይዞልኝ መጣ። እናቴ ጨርቁን ሳትዘረጋ መልሳ ክንዱ ላይ አስቀመጠችለትና «ልጄ ቀሚስ አላት በላቸው» አለችው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ እየሳቅሁ በነገርኳችሁ። ብስክሌት ምን ይሆናል? መስፍን ያንን ሰማያዊ ብስክሌት ጥቂት ነዳው፤ ከዚያ ግቢያቸው ውስጥ ዝናብ ሲመታው በአጥር አየዋለሁ። ብስክሌቱን ረስቼላቸዋለሁ።

ክረምቱ እየወጣ ሳለ፣ የአዴ ድንቂቱ ገብስ ገና አረንጓዴ ሆኖ በነፋስ ሲወዛወዝ፣ ከመሬቱ ልቀቂ ተባለች። ምክንያት አልተነገራትም። ምክንያት የሚጠይቅም የሚናገርም አልነበረም። አባቴና እኔ እንደ ወትሮው ቅዳሜ ቀዩን ዳገት ስንወጣ ሰዎች የጎጆዋን ሣር ሲያፈርሱ ደረስን። ልጆቿ ዝግባው ሥር ዕቃ ላይ ተቀምጠዋል። እሷ አታለቅስም። ገብሱን ነበር የምታየው። «ለመድረስ ትንሽ ነው የቀረው» አለች ለአባቴ፤ ስለ ታመመ ሰው እንደሚወራ ዓይነት፣ ቀስ ብላ።

አባቴ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፤ በዚያች ምሽት ቤታችን ውስጥም «ተይው» ያለው እሱ ነው። ያን ቀን ግን የመርፌ ሳጥኑን ከብስክሌቷ ፈትቶ መሬት ላይ አስቀመጠ። የአዴ ድንቂቱን እንስራ፣ ቁርበት፣ ድስት፣ የልጆቿን ጨርቅ እየጫነ በፊታውራሪው ሰዎች ፊት ቁልቁል ገፋ። እኔ ከኋላ ዕቃው እንዳይወድቅ እደግፋለሁ። ወንዝ ላይ ተሸክመን እናሻግራለን፤ ቤታችን አራግፈን እንመለሳለን። ቀኑን ሙሉ ወጣን፣ ወረድን። ከሰዎቹ አንዱ «ድሬሰር፣ ፊታውራሪ ይህን ቢሰሙ ደስ አይላቸውም» አለው። አባቴ ገመዱን እያጠበቀ «ንገራቸው» አለ። በሚቀጥለው ወር ክሊኒኩ ተዘጋ። ሕንፃው ለእህል መጋዘን ይፈለጋል ተባለ። መነሣት ያልቻሉት በየቤታቸው ቀሩ፤ አባቴም ሥራ ፍለጋ በየቀኑ መርካቶ ድረስ ይሄድ ጀመር።

አዴ ድንቂቱ ከልጆቿ ጋር ጓዳችን ውስጥ ተቀመጠች። እናቴና እሷ በቋንቋ ሙሉ በሙሉ አይግባቡም ነበር፤ ይሁን እንጂ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ሲያወሩ ያመሻሉ። አንድ ማታ እናቴ «በእኔ ጩኸት ነው ይህ የደረሰብሽ» ስትላት ሰማሁ። አዴ ድንቂቱ «አንቺ ስለ ልጅሽ ጮህሽ። እኔ ያየሁትን ተናገርኩ። የበደለን እሳቸው ናቸው፤ የሳቸውን በደል ለምን እኛ እንካፈለዋለን?» አለቻት። ከዚህ የተሻለ ነገር ከማንም አልሰማሁም።

ብዙ ሳይቆይ ዘመኑ ተገለበጠ፤ መሬት ለገበሬው ተባለ። አዴ ድንቂቱ ወደ ዳገቷ ተመለሰች። ዝግባው ሥር አዲስ ጎጆ ሠራች፤ የዘራችውን ሙሉውን ሰበሰበች። የመጀመሪያውን ገብስ ቆልታ በቁና ያመጣችልን ቀን እናቴ ቁናውን አቅፋ ስትስመው አይቻለሁ። አዴ ድንቂቱ እዚያው አርጅታ፣ እዚያው ሞተች። እኔም አግብቼ፣ ወልጄ፣ ከቀራንዮ ወጥቼ ወደ ሌላ ሰፈር ሄድኩ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ትዝታው ሲበረታብኝ ከአየር ጤና ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ወንዙ በኮንክሪት ቱቦ ውስጥ ገብቷል። ቀዩ ዳገት ኮብልስቶን ለብሷል። ቀስ እያልኩ፣ ጉልበቴን እየደገፍኩ ወጣሁት። ጫፉ ላይ ስደርስ ዝግባ የለም፤ ገብስ የለም፤ ረጅም የግንብ አጥርና የብረት በር አለ። አጥሩ ሥር ሸንኮራ የምትሸጥ አንዲትን ሴት ስለ አዴ ድንቂቱ የልጅ ልጆች ጠየቅኋት። «ተነሡ እኮ፤ ትንሽ ካሳ ተሰጥቷቸው ወደዚያ ማዶ ሄዱ» አለችኝ። ስንት ጊዜ ነው አንድ ቤተሰብ ከአንድ መሬት ላይ የሚነሣው?

አንድ ለግላጋ ዘበኛ ከበሩ ወጣ። ጨዋ ልጅ ነው። «እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ።

«ማንንም አይደለም ልጄ። መንገዱን ነው።»

«እዚህ መንገድ የለም እማማ። የግል ግቢ ነው።»

«ነበረ» አልኩት። «የግቢው ባለቤት ማን ነው?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «እኛን የቀጠረን ኤጀንሲ ነው። ባለቤቱን አይቼው አላውቅም።»

ንዴቱ እንደ ልጅነቴ ከእግሬ ጀምሮ ወጣ። ያኔ ክፋቱ ስም ነበረው፤ ሰገነት ላይ የሚቀመጥ ሰው ነበር፤ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ብትጮህለት ወዶም ሆነ ሳይወድ ይሰማት ነበር። ዛሬ ለማን ነው አቤት የሚባለው? ለአጥሩ?

እዚያው ቆሜ ሳለ ከታች የብስክሌት ድምፅ ሰማሁ። ወጣቶች ናቸው፤ ሄልሜት አጥልቀው፣ ሰፊ ጎማ ባላቸው ብስክሌቶች ላይ፣ ወንዱም ሴቱም ተቀላቅለው። ዘበኛው እጁን ዘርግቶ እነሱንም «መውጫ የለውም» አላቸው። ከፊት የነበረችው ልጅ ላቧን በክንዷ እየጠረገች ወደ እኔ ቀረበች። ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ማንም አልሳቀባትም፤ ማንም ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። ደስ አለኝ፤ ቀናሁም።

«እማማ፣ ወደ ወጨጫ የሚያወጣ ሌላ መንገድ ያውቃሉ? አስፋልት ያልሆነ?»

በግንቡ ጀርባ፣ በገደሉ አፋፍ፣ አጋም የሚበቅልበት ቀጭን የከብት መንገድ ነበረ። ይኑር አይኑር አላውቅም። ሰው አጥሮት እንደሆነም አላውቅም።

«አውቃለሁ» አልኳት። «ኑ፣ ከእኔ ኋላ።»